ቀይ ሥጋና ጮማ፤ የፕሮቲን ልክ የተፈለገበት ታሪክ

ከገበታው ላይ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ድንቹንና ስኳሩን ያነሣ ሰው በምትኩ ምን ያህል ሥጋ፣ ዓሣና ዕንቁላል ይመገብ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲመለከቱት የወጥ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ160 ዓመታት በላይ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ፣ በተራራ ጫፍና በሆስፒታል አልጋ ላይ የተፈተነ፣ አልፎ ተርፎም የሰው ሕይወት የተከፈለበት ጉዳይ ነው። መሐንዲስ ለሆነ አንባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ ጣዕም አለው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከመሠረቱ የሚዛን ጥያቄ ነው። ወደ ዕቃው የገባው፣ ከዕቃው የወጣውና በዕቃው ውስጥ የቀረው ተቆጥሮ ሒሳቡ መዘጋት አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮቲንን ከስብና ከካርቦሃይድሬት የሚለየው ናይትሮጂን በውስጡ መያዙ ነው። ከክብደቱ በአማካይ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ስለሆነ፣ በሽንት የወጣው ናይትሮጂን በ6.25 ቢባዛ በሰውነት ውስጥ የፈረሰው ፕሮቲን መጠን በግምት ይገኛል። የዚህ ታሪክ አብዛኛው ክፍል በዚህች አንዲት ቁጥር ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጀርመኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጡንቻ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ የሚነደው ጡንቻው ራሱ፣ ማለትም ፕሮቲኑ እንደሆነ አስተማረ። እንዲህ ከሆነ ብዙ የሚሠራ ሰው ብዙ ሥጋ መብላት ግዴታው ይሆናል። ትምህርቱም የሊቢግን ያህል ክብር ካለው ሰው አፍ ስለወጣ ለሃያ ዓመታት ያህል ጠንከር ያለ ተቃዋሚ ሳይነሣበት ኖረ። ይህን ሐሳብ የናደው በቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ ረቂቅ መሣሪያ ሳይሆን አንድ የተራራ ጉዞ ነው። በነሐሴ ወር 1865 አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊትሴኑስ የተባሉ ሁለት መምህራን በስዊትዘርላንድ የሚገኘውን የፋውልሆርንን ተራራ ወጡ። ከጉዞው በፊት ከነበረው ቀን እኩለ ቀን ጀምሮ ፕሮቲን ያለበት ምግብ አልቀመሱም፤ ስንቃቸው ከስታርች ተለውሶ በስብ የተጠበሰ ቂጣና ስኳር የገባበት ሻይ ብቻ ነበር። ሽንታቸውንም እያጠራቀሙ ናይትሮጂኑን ለኩ።

ሒሳቡ ማንም የመካኒክስ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። የወጡት ቀጥ ያለ ከፍታ 1,956 ሜትር ነበር። ፊክ ከነልብሱ 66 ኪሎግራም፣ ቪስሊትሴኑስ 76 ኪሎግራም ይመዝኑ ስለነበር፣ ክብደትን ወደ ላይ በማንሣት ብቻ የተሠራው ሥራ ለመጀመሪያው 129,096፣ ለሁለተኛው 148,656 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል። በሁለቱም ሰዎች ሰውነት ውስጥ የፈረሰው ፕሮቲን ግን እያንዳንዱ 37 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ኪሎካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ ይህ 148 ኪሎካሎሪ ነው፤ ወደ ሥራ ሲመነዘርም 63,000 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊክን እስከ ጫፉ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ማንኛውም ሞተር የሚቀበለውን ሙቀት በሙሉ ወደ ሥራ ሊለውጥ እንደማይችል ሲታሰብ ጉድለቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ሰዎቹን ተራራ ያወጣቸው ስታርቹና ስቡ ነው፤ ፕሮቲን የሞተሩ አካል መሥሪያና መጠገኛ እንጂ ዋናው ነዳጅ አይደለም።

ነዳጅ ካልሆነ ለጥገናው ስንት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተከትሎ መጣ። በሙኒክ የነበረው ካርል ፎን ፎይት መካከለኛ ሥራ ለሚሠራ ጎልማሳ በቀን 118 ግራም ፕሮቲን፣ 56 ግራም ስብና 500 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል ሲል ወሰነ፤ ይህም አኃዝ በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ኖሯል። አኃዙ ግን የተገኘው በአብዛኛው ሠራተኞች ሲበሉ የታየውን በመመዝገብ ነው። የሚበላውን ለክቶ የሚያስፈልገው ይህ ነው ማለት፣ የአንድን ከተማ የውሃ ፍጆታ ከነቧንቧው ፍሳሽ ለክቶ ሕዝቡ የሚጠጣው ይህን ያህል ነው እንደማለት ይቆጠራል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ራስል ቺተንደን በ1904 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ አጋለጠ። መምህራንን፣ ወታደሮችንና ስፖርተኞች ተማሪዎችን ለብዙ ወራት የፎይትን ግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ፕሮቲን አኖራቸው፤ ጉልበታቸው አልደከመም፤ የስፖርተኞቹማ ብርታት የጨመረ መስሎ ታየ።

እዚህ ላይ በኋላ ዘመን ብዙ ሰው የዘነጋው አንድ ቁም ነገር አለ። የቺተንደን ሰዎች ዳቦና ድንች እንደ ልባቸው ይበሉ ነበር። ካርቦሃይድሬት በገበታው ላይ ሲኖር ሰውነት ለአንጎልና ለደም የሚያስፈልገውን ግሉኮስ ከዚያ ስለሚወስድ ፕሮቲኑ ለጥገና ሥራው ይተርፋል። ካርቦሃይድሬቱ ሲነሣ ግን ከፕሮቲኑ ከፊሉ ግሉኮስ ወደ መሥራት ይዞራል። በአንዱ ገበታ የተለካው ዝቅተኛ ልክ በሌላው ገበታ ላይ ሊሠራ አይችልም ማለት ነው።

ካርቦሃይድሬትን አውቆ መቀነስ በሰፊው የታወቀው በአንድ የለንደን የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ምክንያት ነው። ዊልያም ባንቲንግ 66 ዓመት ሲሞላው ክብደቱ 92 ኪሎግራም ያህል ደርሶ፣ ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ዊልያም ሃርቬይ የተባለ የጆሮ ሐኪም ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ከለከለውና በየገበታው ሥጋ ወይም ዓሣ እንዲመገብ አዘዘው። ባንቲንግ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 20 ኪሎግራም ያህል ከቀነሰ በኋላ በ1863 በራሱ ወጪ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ በመላው አውሮፓ ተሰራጨ። ቅቤ እንደተከለከለ ልብ ይሏል። የባንቲንግ ገበታ በቀይ ሥጋ እንጂ በጮማ የቆመ አልነበረም፤ በሚገባ እንዲሠራ ያደረገውም ምናልባት ሰውየው በገላው ላይ የተሸከመው ብዙ ስብ ሳይሆን አይቀርም። የጀርመኑ ሐኪም ቪልሄልም ኤብሽታይን በ1882 ስብን ጨምሮ ፕሮቲኑን መጠነኛ ያደረገ ሌላ ገበታ ሲያቀርብ ስብ ያጠግባል የሚል ምክንያት ሰጠ፤ ክርክሩም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለት ጎራ ተከፈለ።

ሐኪሞቹ በዚህ ሲከራከሩ፣ መልሱን በሥጋቸው የሚያውቁ ሰዎች በሌላ ስፍራ ነበሩ። በ1857 እና በ1858 መካከል በነበረው ክረምት የአሜሪካው ጦር መኮንን ራንዶልፍ ማርሲ ወታደሮቹን ይዞ የሮኪ ተራሮችን ሲያቋርጥ ስንቅ አለቀና የከሱ በቅሎዎች እየታረዱ ተበሉ። እያንዳንዱ ሰው በቀን ከ2 ኪሎግራም የማያንስ ሥጋ ይበላ ነበር። ሆኖም ሰዎቹ እየከሱና እየደከሙ ሄደው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሥራ መሥራት አቃታቸው፤ ጮማ ጮማም እያላቸው ነፍሳቸው ትቃጠል እንደነበር መኮንኑ በ1859 በታተመው መጽሐፉ ጽፏል። በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች ይህን ችግር የጥንቸል ረሃብ ይሉታል፤ የጥንቸል ሥጋ ስብ የለሽ ስለሆነ፣ ሰው ሆዱ እስኪነፋ ድረስ በልቶ ሳይጠግብ፣ ተቅማጥና ራስ ምታት ይዞት፣ በምግብ መካከል ይራባል።

ይህን ወሬ ወደ ሳይንስ ገበታ ያመጣው ቪልሃልሙር ስቴፋንሰን ነው። በ1879 በካናዳ ከአይስላንድ ስደተኞች የተወለደው ይህ አሳሽ በአርክቲክ ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ለዓመታት ኖሮ ሥጋና ዓሣ ብቻ እየበሉ በጤና መኖር እንደሚቻል መሰከረ። የአገሩ ሰዎች ስቡን ለራሳቸው መርጠው ከቀዩ ሥጋ ብዙውን ለውሾቻቸው እንደሚሰጡም ተናገረ። በሥጋ ቤት ቆሞ ቀዩን ብቻ ቁረጥልኝ የሚል የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም። የዘመኑ ሐኪሞችም አላመኑትም፤ ኩላሊቱ ይቃጠላል፣ ስከርቪ ይይዘዋል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል አሉ። ስቴፋንሰን በክርክሩ ከመቀጠል ይልቅ ራሱን ለሙከራ አቀረበ።

በ1928 መጀመሪያ እርሱና የጉዞ ባልደረባው ካርስተን አንደርሰን በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ተኝተው ሥጋ ብቻ መብላት ጀመሩ። ተቆጣጣሪዎቹ ዩጂን ዱ ቦይስና ዋልተር ማክሌላን ነበሩ። ወጪውን በከፊል የሸፈነው የአሜሪካ ሥጋ አሻጊዎች ማኅበር መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሆኖም ዱ ቦይስ በሰውነት ሙቀት ልኬት ጥናቱ የተከበረ ሰው ስለነበረ፣ ውጤቱ በ1930 ሲታተም በቀላሉ የሚጣል አልሆነም። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል በኋላ ከሆስፒታሉ ወጥተው እስከ አንድ ዓመት ድረስ በዚያው ምግብ ቆዩ።

የጥናቱ እጅግ ጠቃሚ ክፍል የሙከራው ዋና ዓላማ ያልነበረው ነው። የዴንማርኮቹ ሊቃውንት አውጉስት ክሮግና ማሪ ክሮግ ስለ ግሪንላንድ ነዋሪዎች ባወጡት ስሌት የአንድ ሰው የቀን ምግብ 280 ግራም ፕሮቲን፣ 135 ግራም ስብና 54 ግራም ካርቦሃይድሬት ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ ስቴፋንሰንን በመጀመሪያ ወደዚህ የተጠጋ፣ ካርቦሃይድሬቱ ግን ከዚያም ያነሰ ምግብ ሰጡት፤ ከጠቅላላ ካሎሪው 45 በመቶ የሚሆነው ከፕሮቲን እንዲመጣ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተበላሸ፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ መጣበት። በሰሜኑ በረዶ የከሳ ካሪቡ በልቶ ያየው ሕመም እንደገና በኒው ዮርክ አልጋ ላይ አገኘው። ወዲያው ፕሮቲኑ ወደ 20 በመቶ ተቀንሶ የቀረው 80 በመቶ በስብ ተተካ። ያለ አንዳች መድኃኒት በሁለት ቀን ዳነ። ከዚያም በኋላ የፕሮቲኑ ድርሻ ከአንድ ቀን ለበለጠ ጊዜ ከ25 በመቶ እንዲያልፍ አልተደረገም።

ቀሪው ጊዜ ያለ ብዙ ችግር አለፈ። ሁለቱ ሰዎች በቀን ከ100 እስከ 140 ግራም ፕሮቲን፣ ከ200 እስከ 300 ግራም ስብ፣ ከ7 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመገቡ ነበር፤ ካርቦሃይድሬቱም የሥጋው የራሱ ግላይኮጅን ነበር። በኩላሊት ላይ የተፈራው ጉዳት አልታየም፤ የደም ግፊትም አልጨመረም። የካልሲየም ሚዛናቸው ግን ጉድለት አሳየ፤ በአርክቲክ አጥንት የሚያኝክ ሰው ይህ ችግር አይደርስበትም ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የተሳተፈበት ሙከራ ስለ ሁሉም ሰው ሊፈርድ እንደማይችል ሳይዘነጋ፣ የገበታው ጣሪያ የት አካባቢ እንዳለ ያሳየ ሥራ መሆኑ አይካድም።

ጣሪያው ለምን እንዲያ ዝቅ አለ? ፕሮቲን ሲነድ ናይትሮጂኑ በጉበት ውስጥ ወደ ዩሪያ ተለውጦ በኩላሊት መወገድ አለበት። በ1973 ዳንኤል ሩድማንና የሥራ ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ጉበት በሰዓት የሚሠራው ዩሪያ ወሰን እንዳለው ለኩ፤ ፕሮቲን ቢጨመርም ከዚያ ወሰን በላይ ፍጥነቱ አይጨምርም። የማጣሪያ ጣቢያ አቅሙ እስከ ተወሰነ ፍሰት ድረስ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ሰው በፕሮቲን ብቻ የቀን ኃይሉን ሊሸፍን ቢሞክር ከዚህ ወሰን ጋር ይጋጫል፤ የማርሲ ወታደሮች ሆዳቸው ሞልቶ የከሱበት ምክንያትም በዚህ ይብራራል።

በሌላ በኩል ፕሮቲንን ከላይ ለመገደብ የተነሣ ሁለተኛ ምክንያት ነበር። የኒው ዮርኩ ግሬሃም ለስክ ስኳር በሽታ እንዲይዛቸው በተደረጉ ውሾች ላይ ባደረገው ልኬት፣ ከፕሮቲን ከሚወጣ ለእያንዳንዱ ግራም ናይትሮጂን 3.65 ግራም ግሉኮስ በሽንት እንደሚወጣ አገኘ። ይህን ለ6.25 ቢያካፍሉት፣ ከ100 ግራም ፕሮቲን 58 ግራም ግሉኮስ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። በ1921 ሮሊን ውድያት ይህንኑ ወደ ቀመር ለወጠው፤ ግሉኮስ የሚሆነው ድምር ካርቦሃይድሬቱ በሙሉ፣ የፕሮቲኑ 58 በመቶና የስቡ 10 በመቶ ሲሆን፤ ወደ ኬቶን ሊሄድ የሚችለው ደግሞ የስቡ 90 በመቶና የፕሮቲኑ 46 በመቶ ነው። ለስቴፋንሰን 120 ግራም ፕሮቲን፣ 250 ግራም ስብና 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ብንወስድ የመጀመሪያው ወገን 105፣ ሁለተኛው 280 ግራም ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ከ1.5 በላይ ከሆነ ኬቶን መከማቸት ይጀምራል ተብሎ ይታመን ነበር፤ የስቴፋንሰን 2.7 ስለሆነ እንደሚጠበቀው በሽንቱ ኬቶን ታየ።

በዚያው በ1921 በማዮ ክሊኒክ ራስል ዋይልደር ኬቶን ሆን ተብሎ በምግብ ቢጨምር የሚጥል በሽታን ሊያስታግሥ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ባልደረባው ፒተርማን ለሕፃናት የሠራው ገበታ ለአንድ ኪሎግራም ክብደት 1 ግራም ፕሮቲን፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ካርቦሃይድሬትና ቀሪውን ሁሉ ስብ ያዛል። ፕሮቲኑ የተቆጠበው ቀመሩ ስለሚያስገድድ ነው። ልጁ ያድጋልና ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም፤ ከዚህ በላይ ቢወጣ ደግሞ ኬቶኑ ይቀንስና ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ይህ ለሕመምተኛ የታሰበ ጥብቅ ልክ፣ በኋላ ክብደት ለመቀነስ ብቻ የሚጾሙ ጤነኞች ሳይቀሩ ፕሮቲንን እንደ ስኳር እንዲፈሩ አድርጓል። ፍርሃቱ ግን ከሚገባው በላይ ነው። ሜሪ ጋነንና ፍራንክ ናታል በ2001 ባወጡት ጥናት የስኳር በሽተኞች 50 ግራም የበሬ ሥጋ ፕሮቲን ሲመገቡ፣ ከእርሱ ተሠርቶ ወደ ደም የገባው ግሉኮስ 2 ግራም ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የለስክ 58 በመቶ ሊሆን የሚችለውን ከፍተኛ መጠን እንጂ በጤነኛ ሰው በየቀኑ የሚሆነውን አይገልጽም።

የዝቅተኛው ጫፍ ነገር ከከፍተኛው ይልቅ አስከፊ ነበር። በ1960ዎቹ በቦስተን ጆርጅ ኬሂልና ባልደረቦቹ ለሳምንታት ምንም ሳይበሉ የቆዩ ወፍራም ሰዎችን ሲያጠኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ወደ 75 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ከሰውነት እየፈረሰ ግሉኮስ እንደሚሠራበት፣ አንጎል ኬቶንን መጠቀም ሲለምድ ግን ይህ ወደ 20 ግራም ገደማ እንደሚወርድ አዩ። ብክነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ ከሚፈርሰውም ውስጥ የልብ ጡንቻ አለበት። በ1970ዎቹ ጆርጅ ብላክበርን ጾሙ ሳይፈታ ፕሮቲን ብቻ ቢጨመር ይህን ክፍተት መሙላት እንደሚቻል አሰበ፤ ለተገቢው የሰውነት ክብደት በኪሎግራም 1.5 ግራም ያህል፣ ያውም ከሥጋ፣ ከዓሣና ከዕንቁላል፣ ጨዎችና ቪታሚኖች ተጨምረውበት፣ በሐኪም ጥበቃ ሥር።

ሐሳቡ ገበያ ላይ ሲወጣ ከእነዚህ ሁኔታዎች አብዛኞቹ ወደቁ። በ1976 አንድ የታወቀ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ከቆዳና ከጅማት ተቀቅሎ የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን በአሜሪካ በጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። ብዙ ሰዎች በቀን ከ300 እስከ 400 ኪሎካሎሪ የሚሆነውን ይህን ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ለወራት ቆዩ። በ1977 እና በ1978 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸው ተመዘገበ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሌላ ምክንያት ያልተገኘላቸው፣ በአብዛኛው ወጣትና ጎልማሳ ሴቶች፣ የልባቸው ምት ተዛብቶ ሞቱ። ፈሳሹ በግራም ሲቆጠር ፕሮቲን ነበር፤ ጥገናውን ሊሠራ ግን አይችልም ነበር፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ጨርሶ የለበትምና። ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ብረት ሆኖ ሳለ ድንጋይ ብቻ እንደ መጫን ይቆጠራል። እጅግ የሚያሳዝነው ጉዳዩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በፓሪስ ፍራንሷ ማዣንዲ የመራው የጄላቲን ጉባኤ በ1841 ባቀረበው ሪፖርት፣ ጄላቲን ብቻ የተመገቡ ውሾች ሊኖሩ እንዳልቻሉ አስታውቆ ነበር። ይህ ሁሉ በታተመ ሰነድ ላይ ለ136 ዓመታት ተቀምጦ፣ ጠርሙሱን የሚሸጠው ነጋዴ ሳያነበው ቀረ።

ዛሬ ዓለም አቀፍ መለኪያው ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ለጤነኛ ጎልማሳ በኪሎግራም ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን በቀን አስተማማኝ ልክ ነው ብለዋል። ይህ ከቺተንደን እምብዛም አይርቅም፤ የቺተንደንም ቅድመ ሁኔታ አለበት፣ ማለትም ሰውየው ከሌላ ምግብ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ የሚያገኝ መሆን ይኖርበታል። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2005 ባሳተመው ሰነድ ደግሞ ከጠቅላላ ኃይሉ ከፕሮቲን የሚመጣው ከ10 እስከ 35 በመቶ እንዲሆን አስቀምጧል፤ ስቴፋንሰንን ያሳመመው 45 በመቶ ከዚህ ክልል ውጭ፣ ያዳነው 20 በመቶ ደግሞ በውስጡ ይገኛል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የእርሱን ልክ ሐኪሙ ይወስናል።

ካርቦሃይድሬት ለተወገደበት ገበታ በተለይ የተደረገ ጥንቃቄ ያለው ልኬት የወጣው በ1983 ነው። ስቲቨን ፊኒ አምስት የሠለጠኑ ብስክሌት ነጂዎችን ለአራት ሳምንት በቀን ከ20 ግራም ባነሰ ካርቦሃይድሬት አኖራቸው፤ ፕሮቲኑ በኪሎግራም 1.75 ግራም፣ የቀረው ስብ ሆኖ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ተጨመረበት። የናይትሮጂን ሚዛናቸው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ተስተካከለ፤ እስኪደክሙ ድረስ በአንድ ፍጥነት የነዱበት ጊዜ በፊት 147 ደቂቃ የነበረው በኋላ 151 ሆነ። የቤልቪው ሐኪሞች ለስቴፋንሰን የመዘኑት ከ100 እስከ 140 ግራም ለ72 ኪሎግራም ሰው ሲካፈል፣ በኪሎግራም ከ1.4 እስከ 1.9 ግራም ይደርሳል።